«ይይዛል» ያልኩት ቤት

ማለት የነበረብኝ «ይነዝራል» ነበር። ቃሉን አውቀው ነበር፤ ከዚያ በፊትም መቶ ጊዜ ብዬዋለሁ። የዚያን ሐሙስ ግን እጄ እርጥብ ግድግዳ ላይ እያለ ከአፌ የወጣው ሌላ ቃል ነው፤ እሱም ሦስት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አንዲት ሴት ቤቷን እንድታጣ አደረገ። ጥፋቱ የቃሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ለመጻፍ ወረቀት ባላወጣሁ ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የተወለድኩት ቢታ ገነት አጠገብ ካለ ቀበሌ ነው፤ እቤት የምንነጋገረው በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ስለነበር አማርኛን የተማርኩት በትምህርት ቤት ነው። ቦንጋ መጥቼ አሥረኛ ክፍልን ተፈተንኩ፤ ውጤቱ አልመጣልኝም። ወደ አገሬ ከመመለስ ብዬ የተበላሹ ራዲዮኖችን እየፈታሁ መግጠም ጀመርኩ። አንድ መምህር ሲቀየሩ ጥለውት የሄዱት የኤሌክትሪክ መጽሐፍ ነበረኝ፤ እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ጨርሶ እስኪገባኝ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ የቤት መስመር መዘርጋት ያዝኩ። ብዙ አልናገርም። የማየውን በደብተር እጽፋለሁ፤ ሽቦውን በሜትር፣ ሚስማሩን በቁጥር።

ጋሽ ተሰማ የሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ነበራቸው። በልጅነታቸው ከወልቂጤ መጥተው ቦንጋ ያረጁ ነጋዴ ናቸው። ከተማው የዞን ከተማ ከሆነ ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛ በየወሩ ይመጣል፤ የሚከራይ ክፍል ግን የለም። ስለዚህ ጋሽ ተሰማ አሮጌ ቤት እየገዙ፣ እያደሱ፣ ክፍል በክፍል ያከራዩ ነበር። ቤት ከመግዛታቸው በፊት እኔን ይዘው ይሄዳሉ። «የኔ ዓይን ቆርቆሮና በር ነው የሚያየው፤ ይሄ ልጅ ግን ግድግዳ ውስጥ ያያል» ይሉ ነበር። እኔ የእድሳቱንና የመብራቱን ወጪ እገምታለሁ፤ እርሳቸው ያንን ከዋጋው ላይ ያስቀንሳሉ።

የእትዬ አስካለ ቤት ከገበያው ወደታች በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ጭቃ ቤት ሆኖ ውጭው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ከጓሮው አራት ሰርቪስ ክፍሎች ያሉት። ባለቤታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅ የላቸውም። ሺሺንዳ ከተማ ከእኅታቸው አጠገብ ትንሽ ቤት አግኝተው ላማቸውን ሽጠው ቀብድ ከፍለዋል። ቀሪውን እስከ ሰኞ ካልከፈሉ ቤቱም ቀብዱም የለም። ይህን የሰማሁት ገና ደጁ ላይ ሳለን ከደላላው ከዳኜ ነው። ዳኜ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ የሻጭን ችግር ለገዢ ሹክ ማለት ግን ሥራው ነበር።

ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ እየዘነበ ነበር። እትዬ አስካለ በር ላይ ተቀበሉንና ጫማችንን እንዳናወልቅ ለመኑን። እኔ እንደ ልማዴ ከቆጣሪው ጀመርኩ። አምፖሎቹን በሙሉ አጠፋሁ፤ የተከራዮቹን ምድጃና ቴፕ ሳይቀር ከሶኬት አስነቀልኩ። ከዚያ የቆጣሪዋን ሳህን አየሁ። ምንም ነገር ሳይሠራ ቀስ ብላ ትዞራለች። መብራቱ የሆነ ቦታ ወደ መሬት እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። የት እንደሆነ ለማወቅ ግድግዳ ለግድግዳ ሄድኩ። ጓዳው ውስጥ፣ ዝናቡ ከቆርቆሮው ሥር ወርዶ ጭቃውን ባራሰበት በኩል፣ የእጄን ጀርባ አስጠጋሁ።

ክንዴ እስከ ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ። ወደኋላ ስዘል ዳኜን ረገጥኩት።

«ይይዛል» አልኩ። «ቤቱ ይይዛል።»

በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው «ነዘረኝ» ይል ነበር። «ኤሌክትሪክ ያዘው» ማለትም ያለ ነው፤ ግን ኤሌክትሪክ የሚለውን አልጨመርኩም። በእኛ አገር ደግሞ ያለ ስሙ የሚይዝ ነገር አንድ ብቻ ነው። ሰውን ይይዛል፤ ከቤትም ገብቶ ይቀመጣል። ሁለት ተከራዮች በጓዳው በር አንገታቸውን አስግገው ያዩ ነበር። አንደኛዋ አማተበች። ዳኜ እግሩን እያሸ፣ «ሰሙ ጋሽ ተሰማ፣ ቤቱ ይይዛል። ያለው ባለሙያው ነው» ብሎ ሳቀ። ጋሽ ተሰማም ሳቁ። እትዬ አስካለ አልሳቁም።

ዞር ብዬ «መብራቱ ማለቴ ነው» ለማለት የሦስት ቃል ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። ያኔ ነገሩ ከቁም ነገር የሚገባ አልመሰለኝም። ሐሳቤ ሁሉ የት እንደሚያፈስ አለማወቄ ላይ ነበር። ኮርኒሱ ላይ ወጥቼ ልፈልግ ስል ጋሽ ተሰማ ዝናቡን አይተው ይብቃን አሉ። እኔም ያላገኘሁትን ብልሽት ዋጋ መተመን ስላልቻልኩ፣ ምክንያቱን የማያውቅ ገማች ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ትልቁን ጻፍኩ። የመላ ቤቱ መስመር ተነቅሎ በአዲስ ይቀየር፤ ከነሰርቪሶቹ። ሽቦ፣ ሶኬት፣ ማብሪያ፣ ፊውዝ፣ የእጅ ዋጋ። ዝርዝሩ አንድ ገጽ ሞላ።

ዓርብ ጠዋት ሻይ ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። ልጁ ግድግዳውን ሲነካ ወድቆ አረፋ ደፍቋል፤ የእትዬ አስካለ ባል የሞቱትም በዚሁ ነው፤ ዞን መሥሪያ ቤት የምትሠራ ሴትዮ ቤቱን ከጋሽ ተሰማ በላይ ልትገዛ አስባ ነበር፣ ዛሬ ግን ትቅርብኝ ብላለች። አንዱ እኔን አየና፣ «ይሄው መጣ። ድሮም አይናገር፤ አሁንማ ጭራሽ አፉ ተይዟል» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ፈገግ ብዬ ሻዬን ጠጣሁ።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ጋሽ ተሰማ ሱቅ ሄድኩ። ስለ መብራት መናገሬን፣ ሰዉ ግን ሌላ ነገር እንደሰማ ነገርኳቸው። ሚዛን ላይ ሚስማር እያስቀመጡ ሰሙኝ።

«እኔ መንፈስ አለበት ብያለሁ?» አሉ።

«አላሉም።»

«አንተስ ብለሃል?»

«አላልኩም።»

«እንግዲያው ያለው ሰው ነው። የሰውን አፍ እኔና አንተ አንዘጋውም።» ሚስማሩን በወረቀት ጠቀለሉ። ከዚያም ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ ከመናኸሪያው በላይ የሚያሠሩትን የስምንት ክፍል ሕንጻ መስመር ለእኔ ሊሰጡኝ እንዳሰቡ ነገሩኝ። እስከዚያ ድረስ ከአንድ ቤት በላይ ሥራ በአንዴ አግኝቼ አላውቅም። አመሰገንኩና ወጣሁ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ስታመም ያሳከሙኝ እርሳቸው ናቸው። ለዚህም ነው እምቢ ማለት የከበደኝ ብዬ ነበር፤ ዛሬ ሳየው ግን እምቢ ለማለት ሞክሬም አላውቅም።

የብልሽቱን ምክንያት አለማወቄ ግን እረፍት ነሣኝ። ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ብቻዬን እትዬ አስካለ ቤት ሄድኩ። አንደኛዋ ተከራይ ፍራሿን በሸክም አስጭና ስትወጣ ተላለፍን፤ ሰላም አላለችኝም። እትዬ አስካለ መሰላል አበደሩኝ። ፊውዙን ነቅዬ ኮርኒሱ ላይ ወጣሁ። በባትሪ መብራት ሽቦውን ክንድ በክንድ ተከተልኩት። ከጓዳው በላይ አገኘሁት። ነፋስ የገለጠውን ቆርቆሮ መልሶ የመታ አናጢ አንድ ሚስማር ረዝሞበት እንጨቱን አልፎ፣ ከሥሩ የሚያልፈውን ሽቦ ልቡን ወግቶታል። በዚያ ሚስማር ቆርቆሮው በሙሉ መብራት ይዟል፤ በዘነበ ቁጥር በእርጥቡ ግድግዳ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። ሌላው መስመር አሮጌ ነው እንጂ ደህና ነበር። ምንም የሚቀየር የለውም።

«ልጄ» አሉ እትዬ አስካለ ከታች፣ መሰላሉን እንደያዙ። «እውነቱን ንገረኝ፤ አልደነግጥም። ትናንት ምንድን ነው የያዘህ?»

መልሱ ከእጄ ሥር ነበር። የጣት እርዝማኔ ያለው ሚስማር።

«ገና እያየሁ ነው» አልኩ።

ሽቦውን ከሚስማሩ አላቅቄ፣ የተጎዳውን ቆርጬ ቀጠልኩት፤ በናስትሮ ሦስት ዙር ጠቀለልኩት። ሰው እንዳይሞትበት ብዬ ነው ያደረግኩት፤ ይህ እውነት ነው። ስወርድ ግን ለእርሳቸው የነገርኳቸው የለም። ፊውዙን መልሼ ቆጣሪውን አየሁ፤ ሳህኗ ቆማለች። ግምቴን መቅደድና ዳግመኛ መጻፍ ነበረብኝ። አዲሱ ግምት ከአንድ ናስትሮ ዋጋ አይበልጥም ነበር። ደብተሩን አልከፈትኩም። ቤቴ ሄጄ የስምንቱን ክፍል ሽቦ መቁጠር ጀመርኩ።

ቅዳሜ በአራት ሰዓት ለውል ተሰበሰብን። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ዳኜ፣ ጋሽ ተሰማና እኔ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ይመስል ፊታቸው ጠቁሯል። ጋሽ ተሰማ ሐሙስ ከጠሩት ዋጋ በጣም ወርደው ተነሡ። ተከራይ እየሸሸ ነው፣ ስሙ የጠፋ ቤት ማን ይገባበታል አሉ። ሽማግሌዎቹ ወደ እትዬ አስካለ ዞሩ።

ያኔ ነው እትዬ አስካለ የቤታቸውን ስም ለማዳን የተናገሩት።

«ትናንት ቄስ ጠርቼ ጸበል አስረጭቻለሁ» አሉ። «ዛሬ ጠዋት ራሴ በእጄ ዳሰስኩት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለቋል። አይይዝም። እናንተም ዳስሱት።»

የዳሰሰ የለም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዳኜ አንገቱን ደፍቶ፣ «እትዬ፣ ለቀቀ ማለትኮ ነበረ ማለት ነው» አለ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ወሬ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የባለቤትየዋ ቃል ሆነ።

ናስትሮው ኪሴ ውስጥ ነበር። ጋሽ ተሰማ ግምቴን እንዳነብ ጠየቁኝ። አነበብኩ። አዲስ ሽቦ ይህን ያህል ሜትር፣ ሶኬት ይህን ያህል፣ የእጅ ዋጋ ይህን ያህል። አንድም ቁጥር አልሳትኩም። ሽማግሌዎቹ ዝርዝሩን አደነቁ፤ «ልጁ ጠንቃቃ ነው» አሉ። በግምቴ ልክ ደግሞ ከወረደው ዋጋ ላይ ሌላ ተቀነሰ። እትዬ አስካለ የሚፈርሙበትን ቦታ በጣቴ አሳየኋቸው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» ብለው ፈረሙ።

የተቀበሉት ብር የሺሺንዳውን ቤት ዋጋ አልሞላም። ሰኞ ቤቱ ለሌላ ተሸጠ፤ ቀብዱም እንዲያው ቀረ።

እኔ የስምንቱን ክፍል ሥራ ሠራሁ። የእትዬ አስካለን ቤት መስመር ግን አልቀየርኩትም፤ ጋሽ ተሰማም አልጠየቁኝም። በሁለተኛው ወር ያቺ ፍራሿን ያስጫነችው ተከራይ ገበያ ላይ አገኘችኝና ሺሺንዳ ደርሳ መምጣቷን አወራችኝ። እትዬ አስካለ ከእኅታቸው ጓሮ አንዲት ክፍል ውስጥ ናቸው። ከመንፈስ ቤት የመጣች ስለተባሉ ጎረቤት ከቤታቸው እሳት አይጭርም፤ የሚጠጡበት ስኒም ለብቻ ነው። ይህን የነገረችኝ እንደ ተራ ወሬ ነው። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

እትዬ አስካለ ጎመን ሲቀነጥሱ አገኘኋቸው። ደስ ብሏቸው መቀመጫ አቀረቡልኝ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሚስማሩን፣ ናስትሮውን፣ ያነበብኩትን ወረቀት። እጃቸው ጎመኑ ላይ ቀጥ አለ። የጠየቁኝ ያልጠበቅኩትን ነው።

«ዓርብ ስንት ሰዓት ላይ ነው የቀጠልከው?»

«ስድስት ሰዓት ተኩል ግድም።»

«ቄሱ የመጡት አሥራ አንድ ላይ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ በጸሎቴ ነው ብዬ…» ቀሪውን ዋጡት።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በክንዴ ያዙኝ። «ለእኔ ነግረህ ምን ይረባኛል? የምፈራው እኔ አይደለሁም፤ የሚፈሩኝ ሌሎች ናቸው። የወሬው ሥሩ ያለው ቦንጋ ነው። እድራችን እሑድ ይሰበሰባል። ለእኔ ያልከውን እዚያ ቆመህ በል።»

በሕይወቴ ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም ነበር። የዚያን እሑድ ሰማንያ የሚሆን ሰው ፊት ቆምኩ። ጋሽ ተሰማ ከፊት ተርታ ነበሩ። «ቤቱ የሚነዝር ነበር። መብራት ነው። ሚስማር ሽቦ ወግቶ ነው። ያስተካከልኩት ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው። ምንም መንፈስ አልነበረም» አልኩ። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ አላመነኝም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ውሉ ላይ የነበሩት፣ ብትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ያን ቀን አብረን ነበርን» አሉ። «ወረቀት ስታነብ ሰምቼሃለሁ። ያኔ ለምን ዝም አልክ?»

ወጣት ነበርኩ፣ ፈራሁ፣ አማርኛ አይቀናኝም ማለት እችል ነበር። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት አለባቸው።

«የስምንት ክፍል ሥራ ተሰጥቶኝ ነበር» አልኩ።

ከዚያ ወዲያ የሳቀ አልነበረም። ጋሽ ተሰማ መሬት መሬት አዩ። ሽማግሌ ተላከባቸው፤ ለመስመር ቅየራ ያስቀነሱትን ያህል መለሱ። ሌላውን ግን ውል ውል ነው ብለው እምቢ አሉ። ለእኔ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ሥራ ግን ዳግም አልሰጡኝም። ሌሎች ቤት ገዢዎችም ለጊዜው ሸሹኝ፤ የአንዱን ገዢ ምሥጢር ያወጣ የሌላውንም ያወጣል ብለው ይመስለኛል።

አንባቢዬ ሆይ፣ ቤት ለመግዛት ገማች ይዘህ ስትሄድ ይህን ልብ በል። ሁሉን አጥፍተህ ቆጣሪው ይዞር እንደሆነ ተመልከት፤ ቤቱን በዝናብ ቀን እይ፤ ኮርኒስ ላይ ያልወጣ ገማች የሚነግርህን ዋጋ አትመን። «ሁሉም ይቀየር» ያለህ ሰው ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ያላገኘ ሰው ነው። አንቺም ሻጭ ከሆንሽ፣ ግምቱን ለአንቺም እንዲያነብልሽ አድርጊ፤ ያልገባሽን ቃል ካፉ እንደወጣ እዚያው አስፈቺው። እኔ ዛሬ የምጽፈው በሁለት ወረቀት ነው፤ አንዱን ለገዢ፣ አንዱን ለሻጭ። ያላወቅኩትን «አላወቅኩም» ብዬ እጽፋለሁ፤ ዋጋም አላወጣለትም። ይህ ጥሩ ሰው አላደረገኝም። ጥንቃቄ ያን ጊዜም ነበረኝ፤ አንድም ቁጥር አልሳትኩም ብያለሁ።

ሽማግሌዎቹ ያስመለሱትን ገንዘብ ይዤ ወደ ሺሺንዳ የሄድኩት እኔ ነኝ። እትዬ አስካለ ሳይቆጥሩ መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት። የእድሩን ነገርኳቸው። ጎረቤታቸው ከእርሳቸው እሳት መጫር እንደጀመረች ነገሩኝ። ስወጣ እስከ በሩ ሸኙኝና፣ ይቅር በሉኝ አልኳቸው።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ። «እግዜርም ይበልህ።» ከአጥሩ ማዶ ያለውን፣ ቀብድ የከፈሉበትንና አሁን ሌሎች ሰዎች የገቡበትን ትንሽ ቤት አዩት። «ቤቱ ግን ያ ነበር።»